መንገዱስ እንዴት ነው?

አንድ ቢያድግልኝ የሚባል ወጣት ነበር። ያደገው መናኸሪያ ውስጥ ነው። የሰው ሻንጣ ከአውቶቡስ ጣሪያ እያወረደ፣ የሰው ጆንያ በጀርባው እየተሸከመ፣ ባገኘው ጥግ እየተኛ ጎረመሰ። ስለዚያ ዘመን ሲጠየቅ “አለፈ” ይላል እንጂ ሌላ ቃል አይጨምርም።

መናኸሪያው የሰው ጠባይ አስተምሮታል። ከቆላ የመጣውን መንገደኛ እንደ ቆላ ሰው፣ ከደቡብ የመጣችውን እናት እንደ ደቡብ ልጅ አድርጎ ይቀበላል። አነጋገሩን፣ አረማመዱን፣ የእጅ አነሳሱን ሳይቀር ይቀዳዋል። እንደ አገሩ ልጅ ሰላም ያሉት መንገደኛ ሻንጣውን አይከለክልም። ከዚህ ሌላ መናኸሪያው ዝም ማለትን አስተምሮታል። የትኛው አውቶቡስ ነጋዴ እንደጫነ፣ የትኛው ሹፌር እጁ እንደሚፈታ ያወቀ ልጅ ለጓደኛው ከነገረ፣ ጓደኛው ቀድሞት ይደርስና እሱ ጦሙን ያድራል። ስለዚህ ቢያድግልኝ የሚያውቀውን ነገር ሁሉ እንደ ዳቦው ደብቆ ያዘ።

እንደዚያ እየኖረ በማታ ትምህርት አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረሰ። ከዚያም ደጋውና ቆላው በሚገናኙበት አንድ ከተማ፣ ንግድ የሚያስተምር አነስተኛ ትምህርት ቤት ተቀበለው። ትምህርት ቤቱ መኝታና ምግብ ይሰጣል። ወጪውን የሚሸፍነው አንድ የከብት ነጋዴ ነበር። ነጋዴው በየዓመቱ መጨረሻ ይመጣና ተማሪዎቹ በቡድን በቡድን ሆነው ሲፈተኑ ያያል፤ ያሸነፈውን ቡድን በንግድ ቤቱ ይቀጥራል።

ለሌሎቹ ተማሪዎች ይህ መልካም ዕድል ነበር። ለቢያድግልኝ ግን ሌላ አማራጭ አልነበረም። ትምህርቱ ሲያልቅ ሌሎቹ ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። እሱ የሚሄድበት ቤት የለውም። ወይ ሥራውን ያገኛል፣ ወይ ወደ ጆንያው ይመለሳል።

ተማሪዎቹን የምታስተምረው መምህርት ብዙአየሁ ትባላለች። ራሷ በቆላና በደጋ መካከል ስትነግድ የኖረች፣ ጉልበቷ ሲደክም ወደ ማስተማር የገባች ሴት ናት። ሰሌዳ ላይ ብዙ አትጽፍም። ተማሪዎቿን ሦስት ሦስት አድርጋ ከየአገሩ ትመድባቸውና ሚና እየሰጠች ታጫውታቸዋለች። አንዱን ሻጭ፣ አንዷን ገዢ፣ ሌላውን ደላላ ታደርጋለች። የሌላ አገር ሰው እንዴት እንደሚያስብ ብጽፍላችሁ ትገለብጡታላችሁ፤ ከተጫወታችሁት ግን ውስጣችሁ ይቀራል ትላቸው ነበር።

ቢያድግልኝ የተመደበው ከያዮና ከኤርጎጌ ጋር ነው። ያዮ የአፋር አርብቶ አደር ልጅ ነው። ረጅም፣ ቀስ ብሎ የሚናገር፣ የተናገረውን ቃል የማያጥፍ ወጣት ነው። ኤርጎጌ ከሆሳዕና የመጣች፣ አባቷ በአይሱዙ ድንች የሚያመላልስ፣ መሪ ጨብጣ ያደገች ልጅ ናት። ምላሷ ስለት ነው።

አንድ ቀን መምህርቷ ለሦስቱ ጨዋታ ሰጠቻቸው። በጋራ ሆነው ፍየሎች ከቆላ ወደ በዓል ገበያ ማድረስ አለባቸው። ያዮ የፍየሎቹ ባለቤት ነው፣ ኤርጎጌ ባለመኪና ናት፣ ቢያድግልኝ መንገዱንና ገበያውን የሚያውቅ ደላላ ነው። ከዚያ ወደ እያንዳንዳቸው ጠጋ እያለች ለየብቻ የሚያውቁትን ነገር በጆሯቸው ነገረቻቸው። ለቢያድግልኝ የነገረችው ይህ ነበር። ታችኛው ድልድይ ተሰብሯል፤ በላይኛው መንገድ ካልሆነ አይታለፍም፤ ይህን የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።

ቢያድግልኝ ደስ አለው። ጨዋታው የእሱ አገር ነበር።

መጀመሪያ ወደ ኤርጎጌ ሄደና የአባቷን ጤና የሚጠይቅ የሆሳዕና ሽማግሌ ሆነ። ወገቡን ያዘ፣ ትንፋሹን አሳጠረ፣ ቃላቱን እንደዚያ አገር ሰው ጎተታቸው። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። ኤርጎጌም አልቻለችም።

“አጎቴን የት አገኘኸው?” አለችው። “ጥርስህን ብታወልቅ እኮ ገንዘብ አበድርህ ነበር።”

ከዚያ ወደ ያዮ ዞረ። የመጥረጊያውን እንጨት አንስቶ በትከሻዎቹ ላይ አጋደመና ሁለት እጁን ሰቀለበት። አረማመዱ የቆላ ሰው አረማመድ ሆነ። ያዮም ፈገግ አለ። ከዚያ ግን በአገሩ እንደሚደረገው መሬት ላይ ተቀመጠና ቢያድግልኝንም ፊት ለፊቱ አስቀመጠው።

በያዮ አገር ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ዝም ብለው አይተላለፉም። ዳጉ ይቀመጣሉ። ከሩቅ የመጣው ይናገራል፣ ሌላው ይሰማል። ዝናቡ የት እንደጣለ፣ ግጦሹ የት እንደለመለመ፣ ማን እንደታመመ፣ ገበያው እንዴት እንደዋለ አንድ በአንድ ይነገራል። ተናጋሪው በዓይኑ ያየውንና በጆሮው የሰማውን ለይቶ ያስቀምጣል። የሰማ ሰው ደግሞ ለሚቀጥለው መንገደኛ ያደርሳል። ውሃና ሣር እየተከተለ የሚኖር ሰው ነፍሱ በዚህ ወሬ ላይ ናት።

ያዮ ሁሉንም በተራ ጠየቀ። በመጨረሻ “መንገዱስ እንዴት ነው?” አለ።

“ሰላም ነው” አለ ቢያድግልኝ።

በልቡ ሌላ ስሌት ይዞ ነበር። ድርሻ ሲካፈሉ፣ ሁለቱም በቸኮሉበት ሰዓት፣ የድልድዩን ነገር ያወጣና በላዩ ይደራደራል። ያወቁትን ነገር ሰው ሳይቸግረው መስጠት ማባከን ነው ብሎ ያምናል። ነገር ግን ኤርጎጌ መታገሥ የማትችል ልጅ ናት። ፍየሎቹ እስኪያረጁ ነው ወይ የምንጠብቀው ብላ ተነሳች፤ ጫኑ ተባለ፤ መኪናው ሄደ።

መምህርቷ እጇን አጨበጨበችና ጨዋታውን አስቆመች። ድልድዩ የለም አለቻቸው። መኪናው በረሃ ላይ ቆሟል፣ ፀሐዩ ከርሯል፣ ፍየሎቹ እላያቸው ላይ እየተደራረቡ እያለቁ ነው። ከዚያ ይህን የሚያውቅ ሰው ነበር ወይ ብላ ጠየቀች።

“እኔ” አለ ቢያድግልኝ እየሳቀ።

“ለምን አልተናገርክም?”

“ዋጋ የሰጠኝ የለም። ዋጋዬን ስጠብቅ መኪናዋን አስነሳችው።”

ከኋላ የተቀመጡት ይሄ ነው ነጋዴ ብለው አጨበጨቡለት። ቢያድግልኝም ያሸነፈ መሰለው። ያዮ ግን አልሳቀም። ቀስ ብሎ ከመሬት ተነሳ።

“ጠይቄህ ነበር” አለው።

“ጨዋታ እኮ ነው ያዮ።”

“አነጋገሬንና አረማመዴን ወስደህ ስትጫወት ስቄልሃለሁ። ያ ጨዋታ ነው። ዳጉ ላይ ተቀምጬ መንገዱን ጠየቅኩህ፣ አንተ ሰላም ነው አልከኝ። ይሄ እኛ ጋ ጨዋታ የለውም። ሰው ይሞትበታል።”

ደብተሩን ይዞ ወጣ።

በማግስቱ ያዮ ወደ መምህርቷ ሄዶ ቡድን እንድትቀይርለት ጠየቀ። ወሬውን ለቢያድግልኝ ያመጣችው ኤርጎጌ ናት። በትምህርት ቤቱ ደንብ ሦስት ያልሞላ ቡድን ነጋዴው ፊት አይቀርብም። ዓመቱን ሙሉ የለፉበት ነገር በአንድ ቃል ሊቀር ነው።

“በል እንግዲህ ዋጋህን ንገረን” አለችው ኤርጎጌ። “እኔና አንተ ተጋግዘን እንክፈለው።”

ቢያድግልኝ ጉዳዩን በሚያውቀው መንገድ ሊያበጀው ሞከረ። ያዮን ሻይ ቤት ጠብቆ አገኘው። በአፋርኛ ሰላም አለው። ሰላምታው አንድም እንከን አልነበረበትም፤ ረጅሙን ሰላምታ እስከ መጨረሻው አወረደው። ከዚያ ሻይ አዘዘለት፣ ስኳሩንም ያዮ እንደሚወደው አበዛለት። ያዮ ለሰላምታው በጨዋ ደንብ መለሰ። ሻዩን ግን አልነካውም።

“ቋንቋዬን ታውቃለህ” አለው። “ስኳር እንደምወድም ታውቃለህ። እኔ አንተን አላውቅህም። ከማላውቀው ሰው ጋር ፍየል አልነዳም።”

ቢያድግልኝ ተናደደ። ለሁሉም የአገሩን ሰው ሆኖ ይቀርባል፤ ያዮ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል? ከንዴቱ በታች ግን የቆየ ፍርሃት ነበረበት። የመናኸሪያው የጆንያ አቧራ ጉሮሮው ውስጥ የገባ መሰለው። ለኤርጎጌ ይህን አልነገራትም። ለማንም አልነገረም።

ኤርጎጌ ሁለቱ ወንዶች እንደማይነጋገሩ ስታይ ወደ መምህርቷ ሄደች። መምህርቷ ሰማቻት። ከዚያ ያዮን አስጠርታ፣ ቡድን ልቀይርልህ እችላለሁ፣ ከመቀየሬ በፊት ግን አንድ ጨዋታ ከነሱ ጋር ተጫወትልኝ አለችው። ያዮ ታላቁን እንቢ ማለት አይሆንለትም። እሺ አለ።

ይህኛው ጨዋታ ሌላ ዓይነት ነበር። ሻጭ የለ፣ ገዢ የለ። እያንዳንዱ የቡድን ጓደኛውን ይጫወታል። ዳኛው ሌላ ሰው ሳይሆን ሚናው የተያዘበት ሰው ራሱ ነው። እሱ “ይሄ እኔ አይደለሁም” ካለ ጨዋታው እንደገና ይጀመራል።

መጀመሪያ ያዮ ቢያድግልኝን እንዲጫወት ታዘዘ።

ያዮ ወንበሩን ከመሃል አንስቶ ጥግ ወሰደው። ጀርባውን ለግድግዳው፣ ፊቱን ለበሩ ሰጥቶ ተቀመጠ። የቦርሳውን ማንገቻ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጠመጠመው። ከኪሱ ዳቦ አወጣ፣ ትንሽ ቆረሰ፣ የቀረውን በወረቀት ጠቅልሎ መለሰው። ተማሪዎቹ መሳቅ ጀመሩ። ሁሉም ይህን በየቀኑ ያዩታል፤ ልብ ብሎ ያየው ግን አልነበረም።

ኤርጎጌ ራሷን ሆና ፊቱ ቆመች።

“አገርህ የት ነው?”

“የቱን ፈለግሽ?” አለ ያዮ በቢያድግልኝ ድምፅ።

“የተወለድክበትን።”

“ምን ሊያደርግልሽ?”

“እናት አለችህ?”

ያዮ ብድግ አለ። ወገቡን ያዘና የሆሳዕናውን ሽማግሌ ሆነ። ያዮ የማስመሰል ተሰጥኦ የለውም፤ ሽማግሌው አስቂኝ ሆኖ ነው የወጣው። ክፍሉ ሳቀ። ያዮ ግን ሳቁ እስኪያልቅ ቆሞ ጠበቀና በራሱ ድምፅ “ሰው ሲጠጋው ሌላ ሰው ይሆናል” አለ። ተመልሶ ጥጉ ላይ ተቀመጠ።

ከዚያ በኋላ የሳቀ የለም።

መምህርቷ ወደ ቢያድግልኝ ዞረች። “አንተ ነህ ወይስ አይደለህም?”

አይደለሁም ማለት ይችል ነበር። ቃሉ አፉ ላይ ደርሶ ነበር። ቦርሳውን አየ። ማንገቻው የራሱ ቁርጭምጭሚት ላይ ተጠምጥሟል።

“እኔ ነኝ” አለ። “ለምን እንደሆነ ግን አያውቅም።”

“ማን ነገረኝ?” አለ ያዮ።

ተራው የቢያድግልኝ ሆነ። ያዮን ሊጫወት ነው። ተማሪዎቹ ወንበራቸውን አስጠጉ፤ የሚያስቅ ነገር እንደሚመጣ ያውቃሉ። ቢያድግልኝ የመጥረጊያውን እንጨት በትከሻው አጋደመ። ከክፍሉ ጫፍ ተነስቶ ቀስ እያለ መጣ። ከያዮ ፊት ሲደርስ እንጨቱን አወረደና መሬት ተቀመጠ። አቀማመጡ ያዮን ቁርጥ ነበር። ከዚያ መምህርቷን ቀና ብሎ አያት፤ በጆሮው የምትነግረውን እየጠበቀ ነው።

“ለጆሮህ የያዝኩት ነገር የለም” አለችው። “ከሩቅ መጥተሃል። ሰው አግኝተሃል። ተናገር።”

ያዮ ከጥጉ ወርዶ ፊቱ ተቀመጠ። “ምን አየህ? ምን ሰማህ?” አለው።

ቢያድግልኝ ስለ ዝናብ ሊጀምር አሰበ። ያልጣለ ዝናብ ፈጥሮ፣ ያልበቀለ ሣር ፈጥሮ መናገር ለእሱ ቀላል ነው። ያዮ ግን ዓይኑን አልነቀለበትም። ያን ጊዜ ቢያድግልኝ አንድ ነገር ገባው። እንጨቱንና አረማመዱን ይዟል፤ ከዚህ በኋላ አንድ የፈጠራ ቃል ከተናገረ ግን ይህ ሰው ያዮ አይደለም። ያዮን ለመሆን ያየውን መናገር አለበት። ያየው ደግሞ የራሱን ኑሮ ብቻ ነው።

ኤርጎጌ አንድ ቃል ልትወረውር አፏን ከፍታ መልሳ ዘጋችው።

“የመጣሁት ከመናኸሪያ ነው” አለ በመጨረሻ፣ በያዮ ዘገምተኛ አነጋገር። “በዓይኔ ያየሁትን ልንገርህ። ጓደኛ ነበረኝ፤ አንድ ካርቶን ላይ ነበር የምንተኛው። የጨርቅ ነጋዴዎች በየትኛው አውቶቡስ እንደሚመጡ ነገርኩት። ቀድሞኝ ሄደ። ከጭነቱ ላይ ዕቃ ጠፋ ተባለ። ሲይዙት የጠቆመኝ እሱ ነው ብሎ የእኔን ስም ሰጠ። እሱን ለቀቁት። እኔን ክንዴን ሰበሩኝ። ክረምቱን ሥራ ሳልሠራ በሰው ፍርፋሪ ከረምኩ። ከዚያ ወዲህ የማውቀውን ነገር ለሰው አልሰጠሁም።”

ድምፁ መሃል ላይ የያዮ መሆኑን ትቶ ነበር። የማንም አገር ቃና አልነበረበትም። ተማሪዎቹ ዓመቱን ሙሉ አብረውት ሲኖሩ ይህን ድምፅ ሰምተውት አያውቁም።

“የሰማኸውስ?” አለ ያዮ።

“እናቴ ጥጥ ለቀማ ወደ እናንተ ቆላ ወረደች። እዚያ ወባ ይዟት ሞተች ብለውኛል። ይህን ሰማሁ እንጂ አላየሁም።”

ያዮ ጎንበስ አለ። “ስሟ ማን ነው?”

“ደብሪቱ።”

“የማን ልጅ?”

“ደብሪቱ መኩሪያ።”

ያዮ ስሙን ደገመው። የየትኛው እርሻ፣ በየትኛው ዘመን፣ ከየት አካባቢ ሰዎች ጋር እንደወረደች ጠየቀ። ቢያድግልኝ የሚያውቀውን ነገረው፤ የማያውቀውንም አላውቅም አለው። ያዮ ሁሉንም እንደ አገሩ ደንብ ሰማ። ከዚያ “ዕሮብ አጎቴ ወደ ታች ይወርዳል፤ ከእሱ ጋር ስሟ መንገድ ይገባል። የሚመጣውን መልስ አላውቅም። መንገድ ላይ መሆኑን ግን እወቅ” አለው።

መምህርቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ ያዮን ጠየቀችው። “የተጫወተው አንተን ነው?”

“እኔን ነው” አለ ያዮ። ከመሬት ሲነሳ እጁን ለቢያድግልኝ ሰጥቶ አስነሳው። ቡድን የመቀየሩን ነገር ከዚያ ወዲያ አላነሳም።

ስለ ደብሪቱ ከቆላ መልስ ሳይመጣ የዓመቱ መጨረሻ ደረሰና ነጋዴው መጣ። ሸምግሎ ጎብጧል፤ ዓይኑ ግን ንቁ ነው። ፈተናውን ራሱ አወጣ። ጨዋታው ለሁሉም ቡድን አንድ ነው። ፍየሎቹን ገበያው ሳይበተን ያደረሰ ያሸንፋል፤ ገበያው መቼ እንደሚበተን የግድግዳው ሰዓት ይናገራል። ፍየሎቹ ወለሉ ላይ በጠመኔ የተሠሩ ምልክቶች ናቸው፣ መኪናው አራት ወንበር ነው። ነጋዴው ከየቡድኑ አንድ አንድ ሰው ወደ ጥግ እየጠራ በጆሮው ተናገረ። ከነቢያድግልኝ ቡድን የጠራው ቢያድግልኝን ነው።

“የመኪናው ፍሬን አያስተማምንም” አለው። “ባለመኪናዋ አታውቅም። ማስጠገን ሰዓት ይፈጃል።”

ቢያድግልኝ ወደ ቦታው ተመለሰ። ነገሩ ግልጽ ነበር። ዝም ቢል የሚሞት ፍየል የለም፤ ጠመኔ ነው። የሚገለበጥ መኪና የለም፤ ወንበር ነው። ዝም ቢል ያሸንፋሉ፣ ጣሪያ ያገኛል። ቢናገር ሰዓቱ ያልፋል። ኤርጎጌ የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀምጣ ቁልፍ የሌለበት እጇን አዙራ መኪናውን ልታስነሳ ነው። ያዮ ከኋላ ጠመኔዎቹ መሃል ቆሟል። ማንም ምንም አልጠየቀውም።

“ፍሬኑ ችግር አለበት” አለ ቢያድግልኝ። “አሁን ነው የነገሩኝ።”

ኤርጎጌ እጇን ከመሪው ላይ አወረደች። “ዓመቱን ሙሉ ተደብቀህ ዛሬ ነው መናገር ያማረህ?” አለችው። ያን ብላ ግን ከወንበሩ ወረደች፤ አባቷ ያስተማራትን እየደገመች፣ ከሌለው ጎማ ሥር ድንጋይ አስገብታ የሌለውን ፍሬን መጠገን ያዘች። ያዮ ፍየሎቹን ከፀሐይ አውርዶ ጥላ ሥር አሳረፈ። ሰዓቱ ሄደ። ከጎናቸው ያለው ቡድን ገበያ ደረሰና ተጨበጨበለት።

ቢያድግልኝ ወደ መኝታ ክፍሉ ገብቶ ዕቃውን አሰረ። ብዙ ዕቃ የለውም፤ ቶሎ ጨረሰ። የሚገርመው፣ እንደፈራው ያህል አልከፋውም። ሊወጣ ሲል ኤርጎጌ በሩን ሳታንኳኳ ከፈተችና ሽማግሌው ይፈልጉሃል አለችው።

ነጋዴው ሦስቱንም ፊቱ አቆማቸው።

“ቃሌን ጠብቄያለሁ” አለ። “ለአሸናፊዎቹ ከተማ ያለው ቢሮዬ ውስጥ ሥራ ሰጥቻቸዋለሁ። ወረቀት ላይ ብርቱ ናቸው፣ ይጠቅሙኛል።” ወደ ቢያድግልኝ ዞረ። “ፍሬኑን ለእነሱም ነግሬ ነበር። የነገርኩት ልጅ ዝም ብሎ ደረሰ። አንተ ስትናገር እንደምትሸነፍ አላወቅክም?”

“አውቄያለሁ።”

“ታዲያ?”

ቢያድግልኝ ረጅም መልስ አያውቅም።

“የምትነዳው ኤርጎጌ ነበረች” አለ።

ሽማግሌው ቆላ የሚወርዱት መኪኖቹ ላይ የሚያሰማራው ሰው እንደቸገረው ነገራቸው። ሥራው ከቢሮው ይከብዳል። ከአርብቶ አደሩ ጋር ተቀምጦ መነጋገር አለ፣ ከሹፌሩ ጋር መግባባት አለ፣ ገበያው ላይ በሰዓቱ መድረስ አለ። እዚያ መንገድ ላይ አንዱ ያወቀውን ሌላው ካልሰማ ሰውም ከብትም ያልቃል። ሦስታችሁም አንድ ላይ ከሆናችሁ እቀጥራችኋለሁ፣ ተነጣጥላችሁ ግን አይሆንም አላቸው።

ቢያድግልኝ ለራሱ ነገር ጠይቆ አያውቅም ነበር። ያን ቀን ጠየቀ። “ማደሪያ የለኝም” አለ፣ ሁሉም እየሰሙት። “ሥራው ማደሪያ አለው?”

“ለሹፌሯ ክፍል ተከራይቻለሁ። ለእናንተ ለሁለታችሁ ቆላ ያለው መጋዘኔ ጥሩ ክፍል አለው” አለ ነጋዴው።

“ከፍየሎቹ ጋር ነው በሉት አባባ፣ አይዋሹት” አለች ኤርጎጌ።

ከሁሉም በላይ የሳቀው ያዮ ነው። ቢያድግልኝ የታሰረ ዕቃውን ከትከሻው አውርዶ መሬት ላይ አስቀመጠና እሱም ሳቀ።

ይህን ታሪክ የሚያነብ ሰው፣ ከሌላ አገር ልጅ ጋር አብሮ መሥራት ማለት ሰላምታውን ማወቅ፣ ምግቡን መልመድ፣ ቋንቋውን መሞካከር ነው ብሎ አስቦ ይሆናል። መልካም ጅምር ነው፤ ቢያድግልኝም ያን ሁሉ ያውቅ ነበር። ነገር ግን የሌላውን ልማድ መልበስና ልማዱ የሚጠይቀውን መክፈል የተለያዩ ናቸው። የሰውን አረማመድ በአንድ ቀን መቅዳት ይቻላል። ሰውየው ለወዳጁ የማይነፍገውን ነገር እኛም አለመንፈግ ግን ከራሳችን ቆርሰን የምንሰጠው ነው። የቆሰለ ሰው ዝም ማለቱ አያስወቅሰውም፤ ዝምታው አንድ ጊዜ ከሞት አትርፎት ይሆናል። ዘመኑ ሲያልፍ ግን ያ ዝምታ ያዳነውን ሰው መልሶ ብቻውን ያስቀረዋል። አብሮን የሚሠራ ሰው ዓይናችንን እያየ ሊያምነን የሚችለው ከእኛ የሚያውቀው ነገር ሲኖረው ነው።

እርስዎስ? ነገ ጠዋት የሥራ ባልደረባዎ ተነስቶ እርስዎን እንዲጫወት ቢታዘዝ፣ ወንበሩን የት ወስዶ ያስቀምጠው ይመስልዎታል?